ጳጉሜን 5 ማታ

የኛ የምንለው ጠፈርተኛ የለንም። ይህን የማነሣው በቁጭት አይደለም፤ ለጨዋታዬ መግቢያ እንዲሆነኝ ብቻ ነው። ሰሞኑን ሐሳቤን የያዙት ሰማዩን የቀዘፉት ሰዎች ሳይሆኑ እነዚያን ሰዎች የወለዱ ትናንሽ መንደሮች ናቸው። ልጁ ከሰማይ ሲመለስ መንደሩ ምን ያደርጋል? ምን ይሰጠዋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የዓለም ሁሉ ልጅ ከሆነ በኋላ «ልጄ» ብሎ የሚጠራው በየትኛው አፉ ነው?

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ዋፓኮኔታ የምትባል ከተማ አለች። ኒል አርምስትሮንግ ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ሲያርፍ የነዋሪዎቿ ቁጥር ከ7,000 እምብዛም አይበልጥም ነበር (ዘመኑን በሙሉ በኛው አቆጣጠር እንደምጽፍ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ)። ጳጉሜን 1 ቀን ልጇ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ከነዋሪዎቿ እጅግ የሚበልጥ እንግዳ ጎዳናዋን አጥለቀለቀው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ልክ ጨረቃ ላይ ባረፈበት ዕለት፣ ሐምሌ 13 ቀን 1964 ዓ.ም. በስሙ ሙዚየም ከፈተች። ሕንፃው ጎኑ አፈር የለበሰ፣ ከመሐሉ ነጭ ጉልላት ብቅ ያለበት ነው፤ ጨረቃ ከኮረብታ ጀርባ ስትወጣ ይመስላል ይባልለታል።

የሶቭየቶቹ ጋጋሪን ደግሞ የተወለደው ክሉሺኖ በምትባል መንደር ነው፤ ከአናጢና ከገበሬ ቤት። መጋቢት 18 ቀን 1960 ዓ.ም. በ34 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ ሲሞት፣ ተማሪ ሆኖ ያደገባት ግዣትስክ የምትባለው ከተማ የዘመናት ስሟን በዚያው ዓመት አውልቃ «ጋጋሪን» ተባለች። ከተማ የራሷን ስም ለልጇ ስትሰጥ ቀላል ነገር አይደለም። በኛ ዘንድ ልጅ ነው በአባቱ ስም የሚጠራው፤ እዚያ እናት በልጇ ስም ተጠራች።

እኔ መንዝ የተወለድሁ፣ ቀኑን በባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ስምና የገንዘብ ልክ ስጽፍ የምውል፣ ማታ ማታ ግጥም የምሞካክር ሰው ነኝ። እነዚህን ከተሞች ባሰብሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ደቡብ ይሄዳል። ከመርሐቤቴ ዳርቻ ሆነው ጀማን አሻግረው ሲመለከቱ ማዶ የጅሩ ሜዳ ይታያል። ከዚያ ሜዳ አልፎ፣ በመንዲዳ በኩል፣ ጃቶ የምትባል መንደር አለች። የኛ ጋጋሪን የተወለደው እዚያ ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም.። በዚያች ዕለት በሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር። አራስ ቤት ውስጥ እልል ያሉት ሴቶች ማራቶን የሚባል ነገር መኖሩን የሚነግራቸው አልነበረም።

አበበ ቢቂላን ከጠፈርተኛ ጋር ማስተያየቴ ለአንዳንዱ የግጥም ማጋነን ይመስለው ይሆናል። እኔ ግን ሁለቱን ልጆች፣ የክሉሺኖውንና የጃቶውን፣ ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው መመሳሰላቸው ያስደንቀኛል። አበበ ገና የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ የፋሺስት ጦር መጣ። ቤተሰቡ ቀዬውን ለቆ ጎሮ ወደሚባል ሩቅ ስፍራ ተሰደደ፤ በኋላ ነው ወደ ጃቶና ወደ ጅሩ አካባቢ ተመልሶ እርሻውን የያዘ። ጋጋሪን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ የናዚ ጦር ክሉሺኖ ገባ፤ ቤታቸውን ወታደር ያዘው፤ ቤተሰቡም በጓሮ መሬት ቆፍሮ የጉድጓድ ጎጆ ውስጥ ከዓመት በላይ ኖረ። አንዱ ከጉድጓድ ወጥቶ ሰማይ ደረሰ። ሌላው ከስደት ተመልሶ ያባረሩትን ሰዎች አገር በባዶ እግሩ ሄደበት።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገረው ሁሉ እኔን የሚማርከኝ የገና ጨዋታው ነው። የገናን ጨዋታ በከተማ አጥር ውስጥ ብቻ ያየ ሰው ይህን ነገር በቅጡ አይረዳውም። በደጋው ሜዳ ግቡ ከግቡ የኪሎ ሜትሮች ርቀት ሊኖረው ይችላል። ሩሯ ስትመታ የሚከተላት መንጋ እርሻ ያቋርጣል፣ ጅረት ይዘላል፣ ገደል ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ዳኛ የለ፣ ሰዓት የለ፤ የሚያስቆመው ጨለማ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ነው። አበበ በ1944 ዓ.ም. ገደማ ክብር ዘበኛ ሲገባ ሳንባው ሥልጠናውን በገና ሜዳ ላይ ከጨረሰ ቆይቷል ብል ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን የሚቀየሙኝ አይመስለኝም። እሳቸው የሰጡት ሥርዓቱን፣ ልኩንና ሰዓቱን ነው፤ ይህም ትንሽ አይደለም።

ወደዚያች ማታ ልምጣ።

የሮም ማራቶን የተሮጠው በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ይህን ቀን ሁሉም ይጽፈዋል። ወደ ኛ አቆጣጠር ሲመለስ የሚሰጠውን ቀን ግን ብዙ ጊዜ ተጽፎ አላየሁም፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! ውድድሩ እንደ ልማዱ በጠዋት አልተጀመረም፤ የሮምን ሙቀት ለማምለጥ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ተነሡ። ሯጮቹ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሲመለሱ መሽቶ ነበር፤ የጣሊያን ወታደሮች ችቦ ይዘው ግራና ቀኝ ቆመው መንገዱን አበሩላቸው። የሮም ሰዓት ከኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ አበበ በችቦ መሐል በባዶ እግሩ ሲሮጥ እዚህ አገሩ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል፤ በብዙ የሸዋ ቤቶች ደጃፍም የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ በርቶ፣ ልጆች ዞረውበት፣ ፍሙ ወደ አመድ እየተለወጠ ነው። እዚያ ችቦ፣ እዚህ ችቦ። ይህን የታሪክ ግጥምጥሞሽ ገጣሚ ቢፈጥረው «አበዛኸው» ይባል ነበር።

እግሩ ባዶ የሆነው ጫማ ጠፍቶ አይደለም፤ ይህን የድህነት ተረት አድርገው የሚያወሩት ሰዎች ያናድዱኛል። ሮም ላይ የሞከራቸው ጫማዎች አልተመቹትም፣ እግሩን ላጡት፤ በባዶ እግሩ መሮጥን ደግሞ ያውቅበታል። ስለዚህ ከአሠልጣኙ ጋር መክሮ ወሰነ። ውሳኔ ነበረ።

ከሌሎቹ ሁሉ ተነጥለው የቀሩት እሱና ሞሮኮአዊው ራዲ ቤን አብደሰላም ነበሩ። ሁለት አፍሪካውያን፣ ትከሻ ለትከሻ፣ በጨለማ፣ በሮም። ለፍጻሜው ጥቂት ሲቀር የአክሱም ሐውልት ዘንድ ደረሱ። ሙሶሊኒ ከአክሱም አስነቅሎ በ1930 ዓ.ም. ሮም ላይ ያስተከለው፣ ቁመቱ 24 ሜትር የሚደርሰው ሐውልት ነው። አበበ ያን ጊዜ ራዲን ጥሎ አመለጠ። ቦታውን አስቀድመው ከአሠልጣኙ ጋር መንገዱን ሲያጠኑ መርጠውት ነበር፤ ከሐውልቱ በኋላ ያለው መንገድ ለማምለጥ ይመቻል። ለአሠልጣኙ የመሬት አቀማመጥ ጉዳይ ነበር። ለአገሩ ሰው ግን ያ ድንጋይ በምርኮ የተወሰደ ወገን ነው፤ ወገኑ በቆመበት ነው የማረከውን አገር የረታው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ከ2 ዐሥረኛ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። እስከዚያ ዕለት ከታየው ፈጣን ሰዓት በሰኮንድ እንኳ ያልሞላ ብልጫ ነበረው፤ ራዲን የቀደመው ግን በ25 ሰኮንድ ነው። ገና ብዙ መሮጥ እንደሚችል ተናገረ ይባላል። የገና ሜዳ ልጅ ምን ይበል?

ከሰባት ወር በኋላ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ጋጋሪን ምድርን ዞረ። በኛ አቆጣጠር የአበበ የድል ማግሥት የሆነው ዓመት የጋጋሪንም ዓመት ነው።

አበበ ሲመለስ አዲስ አበባ በሰልፍ ተቀበለችው። ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን ኮከብ ኒሻን ሸልመው የአሥር አለቃነት ማዕርግ ሰጡት። ይህ መስከረም ላይ ነው። በታኅሣሥ ያው የክብር ዘበኛ ጦር በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መሪነት በዙፋኑ ላይ ተነሣ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መኳንንትና ሹማምንት መሐልም ራስ አበበ አረጋይ ነበሩ። በሸዋ ተራራና ገደል አምስቱን ዓመት ሙሉ ለጣሊያን ሳያድሩ የተዋጉት፣ ስማቸው በአባቶቻችን ፉከራ ውስጥ የኖረው ራስ አበበ። እንግዲህ በአንድ ዓመት፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ውስጥ፣ ሸዋ አንዱን አበበ በእልልታ ተቀበለች፤ ሌላውን አበበ በለቅሶ ሸኘች። ሁለቱም ጣሊያንን ድል የነሡ ነበሩ፤ አንዱ በጠመንጃ፣ አንዱ በእግሩ። የዚያ ዘመን አዛውንት በአንድ አንደበታቸው ሁለቱን ስም ሲያነሡ ድምፃቸው ለምን እንደሚለዋወጥ የገባኝ ይህን ካነበብሁ በኋላ ነው።

ስለ ቶኪዮ ብዙ ተብሏልና አላረዝምም። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣለት ከአርባ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ከ2 ዐሥረኛ አሸነፈ። ሁለተኛውን የቀደመው ከአራት ደቂቃ በላይ ነው። ማራቶንን በኦሊምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። ሯጮች ሲገቡ በሚወድቁበት ሣር ላይ እሱ እጅና እግሩን እያፍታታ ስፖርት ይሠራ ጀመር። የጃፓን ሙዚቀኞች የኢትዮጵያን መዝሙር ስላላገኙት የራሳቸውን መዝሙር መቱ። እኔ ይህን እንደ ነውር አላየውም፤ እንግዳ ሲመጣ የራስን ጋቢ አውልቆ እንደ ማልበስ ያለ ነገር ይመስለኛል።

ሲመለስ መቶ አለቃ ሆነ፤ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ተሸለመ፤ ቤትና ቮልስዋገን መኪናም ተሰጠው።

መኪናዋን እዚህ ላይ አንባቢዬ ያዝልኝ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ማታ አበበ ሸኖ አጠገብ ይህችኑ ቮልስዋገን እየነዳ ሳለ ተገለበጠችበት። ሌሊቱን በውስጧ ተይዞ አደረ። ያ ጎዳና እኔ ወደ መንዝ የምመላለስበት፣ የሰሜን ሸዋ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ የሚገባበት ጎዳና ነው። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፉ እግሮች በሽልማት በተሰጡት መኪና ውስጥ፣ በትውልድ አገሩ አቅጣጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆሙ። ክብር የሰጠ እጅ ምን እንደ ሰጠ ሁልጊዜ አያውቅም።

በሳምንቱ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ አንገቱንና እጆቹን እንኳ ማዘዝ ተስኖት ነበር፤ እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። ስምንት ወር ያህል እዚያ ቆየ። ልብ በሉ፤ አደጋው በደረሰ በአራተኛው ወር፣ ቀኑ እንኳ ሳይለወጥ በ13፣ አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ አረፈ። የዓለም ሕዝብ ሁሉ በአንድ ሰው እርምጃ በተደነቀበት ሰዓት ይህ የጃቶ ልጅ በእንግሊዝ አልጋ ላይ በጎማ ወንበር መቀመጥን እየተማረ ነበር። ዋፓኮኔታ በጳጉሜን መጀመሪያ ልጇን በሰልፍ ስትቀበል የኛው ገና ሆስፒታል ነበር፤ ከሮም ድሉ ዘጠነኛ ዓመት አራት ቀን ሲቀረው።

አልተኛም ግን። በ1962 ዓ.ም. እዚያው ስቶክ ማንድቪል በተካሄደው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ፣ የጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። በ1963 ዓ.ም. ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሚጎተት ሸርተቴ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በረዶን በተራራ ጫፍ ካልሆነ የማያውቅ የሐበሻ ልጅ! በ1964 ዓ.ም. በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የዚያ ዓመት የማራቶን አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሜዳሊያውን እንደ ተቀበለ ሄዶ እጁን ጨበጠው። ድሉም አደጋውም የእግዚአብሔር ፈቃድ እንደሆነና ሁለቱንም እንደተቀበለ ይናገር ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ሲቀበር ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተገኙ። በ1994 ዓ.ም. ያረፈው የሜክሲኮው ባለድል ማሞ ወልዴም እዚያው ነው የተቀበረው።

እንግዲህ ወደ መነሻ ጥያቄዬ ልመለስ፤ መንደሩስ? ሐውልቱ አዲስ አበባ ነው፤ በስሙ የተሰየመው ስታዲየምም አዲስ አበባ ነው። የኛ ታሪክ ታላቅ ሰውን ከመንደሩ ወስዶ በዋና ከተማው ይቀብረዋል። መንደሩ የሚቀርለት ወግ ነው። በዚህም ላይ ክርክር አለ። ሰላሌ የኛ ነው ይላል፤ ጅሩ የኛ ነው ይላል፤ ደብረ ብርሃን የኛ ነው ትላለች። ሲወለድ ጃቶ በሰላሌ ሥር ትተዳደር ነበር፤ ዛሬ መንዲዳ ኦሮሚያ ክልል ናት፤ ጅሩ ደግሞ አማራ ክልል ነው። ይህ ሙግት አንዳንዴ ከፍቅር አልፎ ወደ መራራ ነገር ሲዞር ሰምቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሩሯን የተከተለው ልጅ የማንን አጥር ዘልሎ ወደ ማን እርሻ እንደ ገባ አልጠየቀም። የሮጠበት ሜዳ ከጀማ ገደል ወዲህ አንድ ሜዳ ነው። ስለዚህ እኔ መንዜው ስሙን ስጠራ ከማንም ላይ የነጠቅሁ አይመስለኝም።

እኛ የደጋ ሰዎች ክብርን በድንጋይ መሥራት ብዙም አልለመደብንም፤ ድንጋዩ ለቤተ ክርስቲያንና ለካብ ነው። ለመጣ ሰው ግን ልባችን ፈጣን ነው። መርሐቤቴ ለምሳሌ፣ በፊልም የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ የተጫወተውንና በኋላ ጥበቡን ትቶ «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት የመሠረተውን ካርል ሃይንስ በምን እስከ ዛሬ እንደ ወላጅ ታነሣዋለች፤ ድርጅቱ ዓለም ከተማ ላይ ያሠራው ሆስፒታልም «እናት» ይባላል። ለሄደው ልጃችን የሰጠነው ምንድን ነው ብዬ ባሰብሁ ጊዜ ያገኘሁት መልስ በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ከመስኮቴ ፊት ስንቱ አበበ ቆሟል! ስሙ ከእሱ በፊትም ነበረ፤ ራሱ የራስ አበበ ስም ነበረ። ከ1953 ዓ.ም. ወዲህ ግን ልጁን አበበ ብሎ ያወጣ አባት ሁሉ የሮምን ችቦ ጥቂት ሳያስብ የቀረ አይመስለኝም። ፊደል የቆጠርን ሁሉ በሶ የሚበላውን አበበ እናውቀዋለን፤ እኔ በማውቃቸው የናሙና ቅጾች ላይም ገንዘብ አስገቢው ብዙውን ጊዜ አበበ ነው። ዋፓኮኔታ አንድ ጉልላት ሠራች፤ እኛ ስሙን የማንም ሰው ስም አደረግነው። የትኛው እንደሚበልጥ አልፈርድም፤ ጃቶ ላይ ግን ጉልላቱም ቢኖር እወዳለሁ።

ስም ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሰማይ ሰው ባንልክም ቃል ልከናል። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ሉሲ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ከ800 ሜትር ያነሰች አንዲት ትንሽ የጠፈር ዐለት አጠገብ አለፈች፤ የዐለቷ ስም «ድንቅነሽ» ነው። ያልተጠበቀው ደግሞ ድንቅነሽ የራሷ ትንሽ ጨረቃ ይዛ መገኘቷ ነው፤ ስሟንም «ሰላም» አሏት፣ በዲቂቃ በተገኘችው ሕፃን ቅሪተ አካል ስም። አማርኛ ተናጋሪ ሳይደርስ አማርኛው ደረሰ።

ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ወደ አክሱም ተመለሰ፤ ዳግመኛ ቆሞም በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። አበበ ያመለጠበት ቦታ ሮም ላይ ያለ ሐውልቱ ቀረ። በ2002 ዓ.ም.፣ ለድሉ ሃምሳኛ ዓመት መታሰቢያ በተደረገው የሮም ማራቶን፣ አዘጋጆቹ አሸናፊው በባዶ እግሩ ከገባ 5,000 ዩሮ እንጨምራለን ብለው ነበር። የባንክ ሰው ነኝና ይህችን ቁጥር ሳልጠቅስ ማለፍ አልሆነልኝም። ሲራጅ ገና የተባለ ኢትዮጵያዊ ሌሎቹን ሁሉ ጥሎ መጣ፤ 300 ሜትር ያህል ሲቀረው ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያ በሮም ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ እየሮጠ ገባ።